በካሜራው ውስጥ ብቻ

ፍየሎቹ የታደሉት ቀብሪበያህ ነበር። ፍየሎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ተቀባዮቹም እውነተኛ ችግረኞች ነበሩ። የታመመው ፎቶው ብቻ ነው።

«ለምለም ነገ» የሚባለው የልማት ማኅበር የጅግጅጋ ቅርንጫፍ ኃላፊ አቶ የጌታሁን ፎቶውን ሲያዩ ሰዉ አነሰባቸው። «ይሄ ሕዝብ ይባላል? ሽምግልና የተላከ ሰው እንኳ ከዚህ ይበዛል። ጨምሩበት!» አሉ።

የማኅበሩን ፎቶዎች በኮምፒዩተር ኤዲት የምታደርገው አይዳ፣ «ከየት አምጥቼ?» ብላ ጠየቀች።

«ካሉት ላይ።»

አይዳም ካሉት ላይ ጨመረች። ቶሎ በይ ስለተባለች ግን ቢጫ ጋርባሳር የተከናነበች አንዲት ሴት በአንዱ ፎቶ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ቆማ ተገኘች። ሦስተኛው ቦታ ላይ እግሯ የወንድ ነበር። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ አንድ ሰው ከሥሩ፣ «ይቺ ሴትዮ ብቻዋን ሦስት ፍየል ወሰደች ማለት ነው?» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ «እሷስ ትውሰድ፤ እግሩን የተበደረችው ሰውዬ በምን ቤቱ ገባ?» አለ። ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ። አቶ የጌታሁን ስልኩን ብድግ ብለው ቆመው ነው ያነጋገሩት።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። አቶ የጌታሁን ጥፋተኛ ሲፈልጉ ወደ ሰው አያዩም፤ ዕቃ ነው የሚፈልጉት። ባለፈው ዓመት የሥራ ሰዓት በከንቱ እየባከነ ነው ሲባል ጥፋተኛው ጫት ሆኖ ነበር። ያኔ ማንም ቅጠል ይዞ ግቢው እንዳይገባ ከለከሉና የራሳቸውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው መግባት ጀመሩ። ዘንድሮ ተራው የኮምፒዩተር ሆነ።

«ካሜራ አይዋሽም!» አሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው እያንኳኩ። «ካሜራ ያየውን ነው የሚናገረው። ውሸት የሚገባው ኮምፒዩተር ላይ ሲደርስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩን ፎቶ ኮምፒዩተር አይነካውም።»

አይዳ እጇን አወጣች። «አቶ የጌታሁን፣ ሰው ጨምሩበት ያሉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ጨምሩ አልኩ እንጂ አባዙ አልኩ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት የነበረበት ሰው ሳሃል ነበር። ሳሃል የማኅበሩ ፎቶ አንሺ ነው። እዚህ ከመቀጠሩ በፊት ጅግጅጋ ውስጥ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ፣ በእጁም በዓይኑም የሚኮራ ሰው ነው። እሱና አይዳ ከተዋወቁ ጀምሮ የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ ነበራቸው። ሳሃል፣ «ፎቶ ማለቅ ያለበት እዚያው ካሜራው ላይ ነው፤ በኮምፒዩተር የሚቃና ፎቶ መጀመሪያውኑ የተበላሸ ነው» ይላል። አይዳ ደግሞ፣ «ቴምብር በምታህል ስክሪን ምን አይተህ ነው አለቀ የምትለው? ፊት ለፊቴ በትልቁ ዘርግቼ ካላየሁት እኔ አላምነውም» ትላለች። ከቢሮው ጀርባ ካለችው ምግብ ቤት በአንድ ሳህን ፓስታ እየበሉ ነበር የሚከራከሩት። ክርክሩም ምሳውን ያጣፍጠው ነበር እንጂ ከፍቷቸው አያውቅም።

ያን ቀን ግን ሳሃል የረታ መሰለው። «እኔም ሁልጊዜ የምለው ይሄንኑ ነው» አለ ከወንበሩ ከፍ ብሎ። «ደግሞስ ካሜራው ራሱ በውስጡ ማስተካከያ አለው። ብርሃን ይጨምራል፣ ቀለም ይለውጣል፣ ይቆርጣል። ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?»

አቶ የጌታሁን አንገታቸውን አሰገጉ። «በውስጡ?»

«አዎ፣ ሜኑው ላይ።»

«ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው?»

«አብሮት የመጣ ነው።»

«እንግዲያው ውሸት አይደለማ!» አሉ ፊታቸው እየፈካ። «ፋብሪካው እያወቀ ነው የሠራው።»

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «ማናቸውም የፎቶ ማስተካከያ በካሜራው ውስጥ ብቻ ይከናወናል» ይላል። የአይዳ ኮምፒዩተር ጨርቅ ለበሰ። አይዳ ራሷም ብርድ ልብስና ድንኳን ወደሚጠበቅበት ንብረት ክፍል ተዛወረች። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ ሳሃልን በር ላይ አገኘችው።

«አንድ ቃል ብትናገርልኝ ምን ነበረበት?»

«ሐሳቤን ነው የተናገርኩት አይዳ። ስለ አንቺ ምንም ክፉ አልወጣኝም።»

«ደግም አልወጣህም» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ምሳ አብረው መብላታቸው ቀረ።

የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ሲቃረብ፣ ለመድረኩ ትልቅ ባነር እንዲሠራ ተወሰነ። ባነሩ ላይ የሚወጣው የሐርተሼክ ችግኝ ጣቢያ ነው። ድሮ የስደተኞች መጠለያ በነበረው ሜዳ ዳር ባለፈው ክረምት ማኅበሩ ችግኝ አስተክሎ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ውስጥ «ደኑ» ተብሎ መጠራት ጀምሯል። አቶ የጌታሁንና ሳሃል ፎቶ ሊያነሱ ወደዚያ ተነሡ። ከከተማ ከመውጣታቸው በፊት ግን መኪናዋ የጫት መኪና ካራማራን ተሻግሮ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆመች። «ጎማው ነፋስ ያነሰው መሰለኝ» አሉ አቶ የጌታሁን። ጎማውን ሳያዩ ወርደው ትንሽ ቆዩና ኮታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተመለሱ። ሳሃል በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየ። የማኅበሩ ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ሰዓት ወደ ውጭ ማየት ለምዷል።

ሐርተሼክ ሲደርሱ ደኑ የለም። ዝናቡ ከዳ፣ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። በእሾህ አጥር ውስጥ ቆመው የቀሩት ከሩቅ ሲታዩ የተረሳ የድንኳን ካስማ የሚመስሉ ደረቅ እንጨቶች ናቸው። ጣቢያውን የምትጠብቀው ናስትሆ የምትባል የአካባቢው ሴት ነች። ሳሃል በሶማልኛ ሰላም አላት።

«ኤዶ ናስትሆ» አለ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ችግኞቹ የታሉ?»

«ፍየሎቹን ጠይቃቸው» አለች። «እነሱስ ምን ያድርጉ፣ የበሉት ትራፊውን ነው። መጀመሪያ የበላው ፀሐይ ነው። የውሃ ቦቴ ይመጣል ተባልን፤ ጠበቅን። ስንደውል መንገድ ላይ ነው አሉ። ይኸው እስካሁን መንገድ ላይ ነው።»

አቶ የጌታሁን ጅግጅጋ ተወልደው ያደጉ፣ ሶማልኛን እንደ አማርኛቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አቤቱታ ሲመጣ ግን ቋንቋው ይጠፋባቸዋል። «ምን አለች?» ብለው ሳሃልን ጠየቁት።

«ውሃ አልመጣም ነው የምትለው።»

«ይመጣል በላት። አሁን አንድ ጀሪካን ታምጣ፤ ውሃ ሳጠጣ አንሣኝ።»

ናስትሆ ጀሪካኗን አቅፋ፣ «ይሄ እኮ ለልጆቹ መጠጥ ያስቀመጥኩት ነው» አለች። አቶ የጌታሁን ይሄንንም አልሰሙትም። ጀሪካኑን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ለሾፌሩ ሰጡና ከእንጨቶቹ መካከል ረዘም ያለውን መርጠው ጎንበስ አሉ። ውሃው ደረቁን እንጨት ታክኮ ፈሰሰ። መጀመሪያ ሲነሡ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ደገሙት። ከዚያ ፈገግታው በዛ፤ አሁንም ደገሙት። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ፎቶው አማረ። ናስትሆ ባዶውን ጀሪካን ተቀብላ ገለበጠችው። የወጣ ጠብታ አልነበረም።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ አቶ የጌታሁን ከኋላ ከሳሃል ጎን ተቀመጡ። «በል አሁን አረንጓዴ አድርገው። በካሜራው ውስጥ ብቻ!»

ሳሃል ሜኑውን ከፍቶ ቀለሙን አጎላው። መሬቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ የአቶ የጌታሁን ፊትም አብሮ ቀላ።

«እኔን ተወኝ፤ መሬቱን ብቻ!»

«ካሜራው መሬቱንና እርስዎን አይለይም፣ አቶ የጌታሁን። ለይቶ መሥራት የሚቻለው በኮምፒ...»

«የዚያን ነገር ስም አትጥራብኝ!»

ሳሃል ቀለሙን መልሶ ፊት የሚያለሰልሰውን ሞከረ። አቶ የጌታሁን እንደተላጠ እንቁላል ሆኑ። ይሄንን ወደዱት። «ይቆይ!» አሉ። መሬቱ ግን አሁንም መሬት ነው። ወደ ታች ሲወርድ፣ አንድ የተመረጠ ቀለም ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ግራጫ የሚያደርግ ነገር አገኘ። የሚቀረውን ቀለም ፎቶው ላይ ማመልከት ያስፈልጋል። ሳሃል በትንሿ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ነገር ፍለጋ ገባ። ሰማዩ ላይ የለም፣ አጥሩ ላይ የለም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ከረጅሙ እንጨት ጫፍ፣ ልክ የአቶ የጌታሁን ደረት ጋ፣ ሩዝ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየ። አንድ እንጨት ቅጠል አውጥቷል ማለት ነው! ጠቆመና ተጫነው።

ዓለም በሙሉ ግራጫ ሆነ፤ ያቺ ነጥብ ብቻ አረንጓዴ ሆና አበራች።

አቶ የጌታሁን ያለ መነጽራቸው ዓይናቸውን አጨንቁረው ተጠጉ። «ያውና! ለመለመ! ግራጫው ድሮ ነው፤ አረንጓዴው የኛ ሥራ ነው። ይሄ ጥበብ ነው ሳሃል!»

ሳሃል አጉልቶ ሊያየው ፈልጎ ነበር። ግን ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ስክሪኑን አጥፍቶበታል፤ ባትሪውም ቀይ መብራት እያሳየ ነው። ደግሞም ጥበብ ተብሏል። ጥበብ የተባለ ሰው ሥራውን ደግሞ አይመረምርም። ካሜራውን ዘጋው።

ሚሞሪ ካርዱ ቢሮ ሳይገባ፣ ከትእዛዙ ቅጂ ጋር በቀጥታ ወደ ዐብዲኑር ማተሚያ ቤት ተላከ። ዐብዲኑር ፎቶውን በሰፊው ስክሪኑ ላይ ዘረጋው። ተጠግቶ አየው። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«አቶ የጌታሁን፣ ዐብዲኑር ነኝ፣ ከማተሚያ ቤት። ፎቶው ላይ አንድ ነገር አለ... ደረትዎ አካባቢ። ላጥፋው እንዴ?»

«ምንም ነገር እንዳትነካ! ትእዛዙን አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ። ግን አረንጓዴው ነገር...»

«አረንጓዴው ነው ዋናው! እሱን ካጠፋህ ምን ቀረ?»

ዐብዲኑር ትንሽ አሰበ። «ልክ ነዎት፤ ምንም አይቀርም» አለና አተመ።

ባነሩንና ሚሞሪ ካርዱን ልትረከብ የመጣችው ከንብረት ክፍል አይዳ ነበረች። ዐብዲኑር አንዱን ጫፍ ይዞ፣ እሷ ሌላውን ይዛ ዘረጉት። አይዳ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከረጅሙ እንጨት በላይ ያለው የእንጨቱ ቅጠል አልነበረም። አቶ የጌታሁን ጎንበስ ሲሉ ኮታቸው ተከፍቶ፣ ከውስጥ ኪሳቸው አንድ ዙርባ ጫት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ነበር። ቅጠሉ ከነቀንበጡ ይቆጠራል። የታሰረበት ልጥ ሳይቀር ይታያል። በባነሩ ስፋት ሲታይ ዙርባው የአንድ ሕፃን ልጅ ቁመት አለው።

«ነግረሃቸዋል?» አለች።

«ነግሬያለሁ። አትንካ አሉኝ።»

አይዳ ስልኳን አወጣች። የሳሃልን ቁጥር ከፍታ ጥቂት ጊዜ አየችውና መልሳ ከተተችው። «እኔ ንብረት ክፍል ነኝ» አለች። «ባነሩ ሳይቀደድ መድረሱን ነው የምጠየቀው።» ጠቅልላ ወሰደችው።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞላ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ወይዘሮ ገሊላ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጥተዋል። የከተማው ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ናስትሆም የችግኙ ምስክር ትሁን ተብላ ከሐርተሼክ ተጠርታለች። አቶ የጌታሁን እንግዶቹን ሲቀበሉ ስለዋሉ ባነሩን አላዩትም፤ በመጋረጃ ተሸፍኖ ነው የቆያቸው። ጀርባቸውን ለመጋረጃው ሰጥተው ማይክሮፎኑን ያዙ። መጋረጃው ተሳበ።

ሳሃል ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። አዳራሹም ጸጥ አለ። አቶ የጌታሁን ጸጥታውን የአድናቆት አድርገው ወሰዱት።

«ከኋላዬ የምታዩት ለምለም ነገር» አሉ፣ «ዝም ብሎ አልመጣም። በብዙ ድካም ነው የመጣው። እኔ ራሴ ሄጄ፣ በገዛ እጄ ተንከባክቤ ያመጣሁት ነው።»

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉ ግን የሳል አልነበረም።

«እስከ ዛሬ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲዳረስ እናደርጋለን!»

አዳራሹ ፈነዳ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ፣ «አሚን በሉ! አሚን!» አሉ። የሰው ትከሻ ተናወጠ፣ ወንበር ተንቋቋ። አቶ የጌታሁን ጭብጨባ ጠብቀው ሳቅ ሲሰሙ ግራ ገባቸው። ግን ሳቅም ደስታ ነውና እጃቸውን አነሡ። የመድረክ መሪው ነገሩን ለማለፍ ቸኩሎ ማይክሮፎኑን ለናስትሆ ሰጣት። «እስቲ ኤዶ፣ ያየሽውን መስክሪ።»

ናስትሆ ከአዲስ አበባ የመጡት እንዲገባቸው በአማርኛ ተናገረች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች። «ቀለሙ ጥሩ ነው። ግን ይሄ የሐርተሼክ አይደለም፤ የአወዳይ ነው። የሐርተሼክ ደረቅ ነው። ውሃ የለም። የኔን ጀሪካን እንጨት ጠጣው።»

አቶ የጌታሁን ያኔ ነው ዞር ያሉት። መጀመሪያ ያዩት እንቁላል የመሰለውን ፊታቸውን ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። እጃቸው ሳያዙት ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሄደ። ይሄንን ያየ ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ፤ ምክንያቱም ኪሱ ያን ቀንም ባዶ አልነበረም።

ወይዘሮ ገሊላ አልሳቁም። «ደኑን አሁን ልየው» አሉና በዚያው ቀን ሐርተሼክ ሄዱ። በሳምንቱ የውሃ ቦቴው ከነበረበት መንገድ ተገኝቶ ደረሰ። ችግኞቹን ማትረፍ አልቻለም፤ ናስትሆና ጎረቤቶቿ ግን ጀሪካናቸውን ሞሉ። አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት መርምሮ፣ ጥፋቱ የካሜራው መሆኑን ደረሰበት። ካሜራው ታሽጎ ንብረት ክፍል ገባ። ሳሃል ማስጠንቀቂያ ደረሰው። አቶ የጌታሁን ደግሞ፣ «በመስኩ ካላቸው የካበተ ልምድ አንጻር» ተብሎ፣ በዚያው ደረጃ ወደ ደገሀቡር ቅርንጫፍ ተዛወሩ። ደገሀቡር ምን እንዳጠፋች ኮሚቴው አልገለጸም።

ሳሃል ማስጠንቀቂያውን በተቀበለ ማግሥት ንብረት ክፍል ሄደ። አይዳ በብርድ ልብስ ክምር መካከል ተቀምጣ ነበር።

«አይተሽዋል አሉኝ፣ ባነሩን» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«ብትደውዪልኝ ምን ነበረበት?»

«አንድ ቃል ነበር የጠየቅኩህ፣ ሳሃል። አንድ ቃል ቢኖርህ እኔም አንድ ስልክ ነበረኝ።»

 «አጥፍቻለሁ» አለ ሳሃል። «ያን ቀን አንቺ ስትወቀሺ ደስ ብሎኝ ነበር። ማን እንዳዘዘሽ እያወቅኩ።»

 አይዳ ብድግ ብላ ከመደርደሪያው ላይ የታሸገውን ካሜራ አወረደችው። ማሸጊያውን በጥፍሯ ፈታች፣ ካርዱን አወጣች፣ ከእሷ ጋር መጥቶ ጥግ ተወርውሮ የነበረውን ኮምፒዩተሯን ጨርቁን ገፈፈችለት። ያልተነካው፣ የመጀመሪያው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ግራጫም አረንጓዴም ያልሆነ፣ መሬቱ እንዳለ የቀላ፣ የአቶ የጌታሁን መጨማደድ እንዳለ ያለ ፎቶ። ሳሃል ተጠግቶ አየ። በግራ ጠርዝ፣ አጥሩ ጋ፣ ናስትሆ ቆማለች። የምታየው ካሜራውን አይደለም፤ አቶ የጌታሁንንም አይደለም። የምታየው ውሃው የሚፈስበትን መሬት ነው። አንድ እጇ ውሃውን ሊቀበል የተነሣ ይመስል አየር ላይ ቀርቷል።

«እዚያው ነበርኩ እኮ» አለ ሳሃል። «አላየኋትም።»

«አንሥተሃታል። ማየቱ ነው የቀረህ።»

«ደግሞ ጥሩ ነው የተነሣው» አለ፣ ሳያስበው ወደ ድሮው ክርክር እየተመለሰ። «ተመልከቺ ብርሃኑን። ምንም ኤዲት አይፈልግም።»

«የጠርዙን ጥላ ትንሽ ቢከፍቱት ፊቷ ይወጣ ነበር።»

«ፊቷ እንዲህ ነው መቆየት ያለበት!»

«አንተ ዕውር ነህ» አለችው፤ ምሳ ሰዓት እስኪደርስም ሲጨቃጨቁ ቆዩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱ ኃላፊ ዐብዲሓኪም መጣ፤ ወጣት ነው፣ ቀልጣፋ ነው፣ ጫት አይቅምም። ሁለቱን ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣቸውና የካሜራና የኮምፒዩተር ጉዳይ ከእንግዲህ እንደማያጨቃጭቃቸው ነገራቸው። ከኪሱ አዲስ ስልክ አውጥቶ ወደ ራሱ አዞረና ፈገግ አለ። ስልኩ ጠቅ አለ።

«ተመልከቱ» አለ ስክሪኑን እያሳያቸው። ፊቱ ላይ ብጉር የለም፤ ከኋላው የነበረው የተላጠ ግድግዳ የአበባ መስክ ሆኗል። «ራሱ ነው የሚያሳምረው። ሰው እጁን አያስገባበትም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ብቻ ነው የምንሠራው።»

ሳሃልና አይዳ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድነት «እሺ» አሉ።